ሁለት ሜትር ከሃያ

ኢምስዋን፣ ኖቬምበር 29 ቀን 2003

ለውድ እትዬ ቱዳ፤

እንኳን ለኢድ አደረሰሽ ሳልል ሌላ ነገር ብጽፍ እናትሽ ከጀርባዬ ቆማ ትቆጣኛለች። ማንበብ ባትችልም ትቆጣኛለች። እና እንኳን አደረሰሽ፣ አላህ በሰው አገር ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ እንጀራሽን ያስፋልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አክስቴ ያምና ጉንፋን ይዟት ነበር፣ ለቋታል። አባቴም ከተራራው ወርዶ ነበርና ለእህቴ ልጅ ሰላም በይልኝ ብሎሻል። ይህን የምጽፍልሽ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው፣ በመስኮቱ ሞገዱን እያየሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጋሽ ቢሂ፣ ያው አንቺን ሞገድ ላይ መቆም ያስተማረሽ ቢሂ፣ አሁን የሰርፍ ትምህርት ቤት ከፍቷል። ሴት አስተማሪ ይፈልጋል፣ የፈረንጆቹ ሴቶች አምጣልን እያሉ ነዝንዘውታል። የተመዘገብነው ሁለት ነን፣ እኔና ኢቶ የምትባል የታምሪ መንደር ልጅ። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ይፈትነናል፤ ከወደቡ ጫፍ ተነስቶ ሳይወድቁ እስከ አሸዋው መድረስ፣ ሦስት ጊዜ። ግን ለጀማሪ በሚሰጠው በስፖንጁ ሰሌዳ አይደለም። «በስፖንጅማ አያቴም ትቆማለች» ብሎናል፣ በደረቁ ሰሌዳ ነው። ካላለፍኩ አባቴ አጋዲር እህቴ ጋ፣ ሰርዲን ፋብሪካ ሊያስገባኝ ቆርጧል። እትዬ፣ እህቴ እኮ በሠርጓ ቀን እንኳ ሰርዲን ሰርዲን ትሸት ነበር!

አሁን የያዝኩት ስፖንጅ ሁለት ሜትር ከሰባ ነው፣ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ከዚህ ወደ ስንት ነው የምወርደው? ታግዛውት ያለው ሰሌዳ ሻጭ ያገለገሉትን ደርድሮ «ምረጪ» ይለኛል። ሐብሐብ አይደለም መታ መታ አድርጌ አልመርጠው! አንቺ ፈረንሳይ ሰሌዳ ከሚሠራበት ቤት ነው የምትውዪው፣ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? ቁመቴ አንድ ሜትር ከስልሳ ሦስት ነው። ክብደቴን ወደቡ ላይ በዓሣው ሚዛን ተለካሁ፣ ሃምሳ ስድስት። ሚዛን ያዡ «ይቺኛዋ ትመዘን ወይስ በደርዘን ትሂድ?» ብሎ ወደቡን ሁሉ አሳቀብኝ።

ቶሎ መልሺልኝ። አላህ እግርሽን ወደ ቤትሽ ያቅናልሽ።

ያጎትሽ ልጅ ኢጃ


ካፕብረቶን፣ ዲሴምበር 27 ቀን 2003

ለአጎቴ ልጅ ለኢጃ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ምስጋና ለአላህ። የእናቴን እጅ ሳሚልኝ። በኔ ፈንታ ሳሚ ማለቴ ነው፣ በራስሽ ፈንታማ በየቀኑ እንደምትስሚያት አውቃለሁ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ሥራ በዝቶብኝ ነው። እዚህ ክረምት ነው፣ ሞገዱ ቤት ያህላል፣ እኔም በየእሑዱ እገባለሁ። «አልጋዬ ላይ ሆኜ» ብለሽ ጽፈሻል። የቱ አልጋ ነው? በመስኮቱ በኩል ያለው ከሆነ የኔ ነው። ካለሽበት ተነሺ ማለቴ አይደለም፣ ተኚበት፣ ሰው አልጋ ላይ ቢተኛ ምን ይሆናል። ብቻ አጠራሩን አስተካክዪ።

ሰሌዳውን በተመለከተ አንድ ሜትር ከዘጠና ያዢ። ጠበብ ያለ፣ ሳሳ ያለ፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ። ረጅም ሰሌዳ የፈሪ ነው። እኔ በጀመርኩ በስድስተኛ ወሬ ነው ወደዚያ የወረድኩት፣ ያውም ያስተማሪ ደመወዝ ሳይታሰብ፣ ሴት ልጅ ባሕር ገባች ተብሎ ድንጋይ እየተወረወረብኝ። አንቺ ሁሉ ተመቻችቶልሽ ነው ያገኘሽው፣ ትችይዋለሽ። ቢሂ ሌላ ቢልሽ አትስሚው። የድሮ ሰው ነው።

እና ደግሞ ጣሪያው ላይ ያለው የኔ ሰሌዳ አይነካብኝ። ላንቺ አይሆንሽም እንጂ ሰስቼ አይደለም። ሠሪው መሐሉን በምታልፈው ቀጭን እንጨት ላይ ስሜን በእርሳስ ጽፎበታል፣ ሂጂና እዪው። እናቴ የሰው ዕቃ አታስነካም፣ ቢሆንም ልንገርሽ ብዬ ነው።

ስለ እማዬ ብዙ ጻፊልኝ። ጉንፋን ይዟት ለቀቃት ብለሽ ባንድ መስመር ትዘልያታለሽ? ስትናገር የሰማሽውን እንዳለ ጻፊው። እሷ የምትለኝ ሁሉ ባንቺ እጅ አልፎ ነው የሚደርሰኝ፣ ስንቱን እንደምታስቀሪው በምን አውቃለሁ።

ቸር ያቆየን፤ ቱዳ


ኢምስዋን፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 2004

ለውድ እትዬ ቱዳ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ብርዱ አይንካሽ፣ ከቤት ያለነው ሁሉ እንናፍቅሻለን። ይህኛውን መስመር አክስቴ ናት ያለችው፣ ቃል በቃል፤ «ልጄን ካልሲ ደርባ ታድርግ በያት»። እንዳለ ጻፊ ስላልሽ ነው።

አንድ ሜትር ከዘጠናውን ከሻጩ ለሙከራ ወሰድኩልሽ። እትዬ፣ ምን በድዬሽ ነው? ገና በደረቴ ስተኛበት ውሃ ውስጥ ገባ፣ እኔም አብሬው ገባሁ። እየቀዘፍኩ ሞገዱን ልይዝ ስል ሞገዱ በላዬ እየሄደ ጥሎኝ ያልፋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ታገልኩት። እትዬ ቱዳ ይህን ከቻለች እኔም እችላለሁ እያልኩ። በመጨረሻ አንዱን ያዝኩ ስል አፍንጫው ተቀበረና ሰሌዳው ተመልሶ አገጬን ፈለጠኝ። ሦስት ቦታ ተሰፋሁ። ሚዛን ያዡ ሲያየኝ «እንዴ፣ መንጠቆ ዋጥሽ እንዴ?» አለኝ። አሁን እንኳ ስስቅ ያመኛል።

ጋሽ ቢሂ ሰሌዳውን አገላብጦ አየና «ይህን ማን መከረሽ?» አለኝ።

«እትዬ ቱዳ።»

«የትኛዋ ቱዳ?»

«የያምናዋ ናታ! ስንት ቱዳ አለ?»

ሰሌዳውን መልሶ አስታቀፈኝና፣ «ቱዳ እንዲህ አትልም። ላንቺ ቁመትና ክብደት፣ ዘንድሮ ስፖንጅ ለሚለቅ ሰው፣ ሁለት ሜትር ከሃያ ነው። ሰፋ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ሲቀዝፉት የሚሄድ። ቱዳ ይህንን ከኔ በላይ ታውቀዋለች፣ እሷም ከስፖንጅ የወረደችው በሱ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ያለውን መጻፍ ፈርቼ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ። «ሁለት ሜትር ከሃያው ደግሞ ጣሪያችሁ ላይ አለላችሁ» ነው ያለኝ።

ወጥቼ በስንዝር ለካሁት። እውነቱን ነው።

ታግዛውት ያለው ሻጭ እንዲህ ያለ የለውም፣ ሌላ ቦታ መሄጃም የለኝም። አክስቴን ብጠይቃት «የቱዳ ነው፣ ቱዳን ጠይቂያት» አለችኝ። እና ይኸው እየጠየቅሁሽ ነው። ለአንድ ቀን ብቻ አውሺኝ፣ ለፈተናው ቀን። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቦታው እመልሰዋለሁ። ስምሽን አላጠፋም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ እንዳለ ጻፊ ስላልሽ ነው። አክስቴ አንዳንዴ ስትጠራኝ «ቱዳ!» ትላለች። አቤት እላታለሁ። ምን ላድርግ?

መልስሽን በጉጉት የምትጠብቅ፤ ኢጃ


ካፕብረቶን፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2004

ለኢጃ፤

ሰላምታ ለቤተ ሰብ ሁሉ ይድረስ። በዓሉም እንዳለፈ አውቃለሁ፣ በጉን ማን እንዳረደላችሁ የጻፈልኝ ሰው ግን የለም።

አላውስሽም።

ሌላ ነገር ጽፌ በመጨረሻ ላመጣው ነበር፣ ግን ቢዘገይ ያው ነው፣ አላውስሽም። ትምህርቱን ወሰድሽ፣ ዝም አልኩ። ክፍሌን ወሰድሽ፣ መስኮቴን ወሰድሽ። እናቴ በስሜ ስትጠራሽ አቤት ትያለሽ! ሰው ተሳስቶ ቢጠራሽ ተሳስተሻል አይባልም? «እኔ ኢጃ ነኝ፣ ቱዳ ፈረንሳይ ናት» ማለት ምን ይከብዳል? አንድ ቀን መጥቼ በሩን ሳንኳኳ እኔን «ማን ልበል?» እንዳትሉኝ እፈራለሁ።

አዎ፣ ቀንቻለሁ። ይኸው በእጄ ጻፍኩት። ጠዋት አቧራ ለብሼ የሌላ ሰው ሰሌዳ ስሞርድ፣ አንቺ አሁን ከወደቡ ጫፍ እየተነሳሽ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ዕቃው ከእጄ ይወድቃል። የአገጭሽን ነገር ሳነብ መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ብነግርሽ ዳግመኛ አትጽፊልኝም።

ካልቻልሽ ወደ ስፖንጅሽ ተመለሺ። ሁለት ሜትር ከሃያ፣ ሁለት ሜትር ከሃያ እያላችሁ አትነዝንዙኝ። በክረምቱ መጨረሻ ራሴ እመጣለሁ፣ የራሴን ሰሌዳ ራሴ እነዳዋለሁ፣ ያኔ ቢሂም ማን እንደሚችል ያያል። ለእማዬ እመጣለሁ ብላለች በያት። ሌላውን አታንብቢላት።

ቱዳ


ኢምስዋን፣ ማርች 1 ቀን 2004

ለእትዬ ቱዳ፤

ሰላም ለማለት አፌ አይደፍርም፣ ግን ሰላም ላንቺ ይሁን።

ሰሌዳሽን ወስጃለሁ። አላውስሽም ያልሽበትን ደብዳቤ አንብቤ፣ አጥፌ፣ ኪሴ ከትቼ ነው የወሰድኩት። ቅዳሜ ማለዳ፣ ፈተናው ዕለት፣ አክስቴ ዳቦ ጋገራ ላይ ሳለች ከጣሪያ አወረድኩት። እየሮጥኩ ወደቡ ሄድኩ፣ እግር እንዳያዳልጥ ሰም ቀባሁት፣ ገባሁ። እትዬ፣ ስትቀዝፊው እንዴት እንደሚሄድ! መቼም ላንቺ አይነገርም። የመጀመሪያው ሞገድ ሲያነሳኝ፣ በቃ፣ አጋዲርን ረሳሁት።

ተነሳሁ፣ እግሬ ተንሸራተተ። እንደገና ሞከርኩ፣ አሁንም አዳለጠኝ። ሰሙ አይዝም፣ ልጥፍ ያልኩበት ቦታ ሁሉ ተልጦ ይነሳል። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አምስት ጊዜ በቂጤ ተቀመጥኩ። የወደቡ ሰው ሁሉ ወጥቶ ያየኛል። ሚዛን ያዡ እንኳ ቀልዱን ተወው፣ ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመርኩት። በልቤ፣ ሳይሰጠኝ የወሰድኩት ነገር እምቢ አለኝ አልኩ።

ጋሽ ቢሂ መጥቶ መዳፉን በሰሌዳው ላይ አሳለፈ። መዳፉን አሸተተ። «ያምና!» አለ።

ለካ አክስቴ ናት። በየሳምንቱ አርብ፣ ከሶላት ስትመለስ፣ እኔ ውሃ ስቀዳ፣ ጣሪያ ላይ ወጥታ ሰሌዳሽን የአርጋን ዘይት ትቀባዋለች። እኔ እህል ልታሰጣ የምትወጣ ነበር የሚመስለኝ። እንጨት ነው ብላ ነው፤ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው። የጀልባ ሠሪ ልጅ አይደለች፣ እንጨት ዘይት ካልጠጣ ይሞታል ብላ ታምናለች። ስድስት ዓመት ሙሉ እትዬ! ለምግብ በጠብታ የምትሰጠንን ዘይት! ቤት ገብቼ ስጮህባት፣ «ቱዳ ስትመጣ ተሰነጣጥቆ ብታገኘው ምን እላታለሁ?» አለችኝ። ያለፈቃድ ስለወሰድኩት ደግሞ ይኸው ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

አንቺ ቀንቻለሁ ብለሻል። እንግዲያው እኔም ልንገርሽ። ሦስት ዓመት እዚህ ቤት ውሃ ቀድቻለሁ፣ አጥቤያለሁ፣ ስታማት እግሯን አሽቻለሁ፣ በሰው ስም እየተጠራሁ። ዘይቱ ግን መቀባቱን እንኳ ለማታውቂው፣ ስድስት ዓመት ላልመጣሽው ላንቺ ነው። ለኔ ማን ምን ቀባልኝ? እኔም ቀንቻለሁ፣ ካንቺ ባይበልጥ።

ኢቶም ሁለቴ ስለወደቀች ጋሽ ቢሂ ለማርች 20 ቀጥሮናል። ሰሌዳውን ቦታው መልሼዋለሁ፣ አክስቴ ባለቤቱ ካልፈቀደች አይወርድም ብላለች። አባቴ ለአጋዲሩ መኪና ተናግሯል። ፈቀድሽም አልፈቀድሽም፣ ይህን ሳትሰሚ እንድትቀሪ አልፈለግኩም።

ኢጃ


ካፕብረቶን፣ ማርች 8 ቀን 2004

ለእህቴ ለኢጃ፤

ሰላም ላንቺና ላለሽበት ቤት ይሁን። ደብዳቤሽ ዛሬ ቀትር ላይ ደረሰኝ። ሥራ አልተመለስኩም፣ ይኸው ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ እየጻፍኩ ነው።

መጀመሪያ ሥራው። ሰሌዳው ላይ ዱቄት ነስንሺበት፣ በደንብ ነስንሺ፣ አንድ ቀን ይደር፣ ዘይቱን ይጠጣልሻል። በማግስቱ ጥረጊውና ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እሺው። የፈላ ውሃ እንዳታደርጊ፣ ልባሱ ይነሳል። በጥላ አድርቂው፣ ፀሐይ ላይ አይደለም። ጣትሽን አሳልፊበት፤ አሁንም የሚያንሸራትት ከሆነ ሁሉንም እንደገና አድርጊው፣ ሦስት ጊዜም ቢሆን። ከዚያ በጣም ደቃቁን የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስሽ፣ እግርሽ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ፣ ቀስ ብለሽ። ሰሙን ያኔ ቀቢው፣ በክብ በክብ። ውሃ ውስጥ ደግሞ ከለመድሽው አንድ ስንዝር ወደ ፊት ተኚበት።

ሁለት ሜትር ከሃያ ነው ልክሽ። ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ አውቄዋለሁ። ቁመትሽንና ኪሎሽን ሳነብ ወዲያው ነው የመጣልኝ፣ እዚህ ለደንበኛ በቀን አሥር ጊዜ የምናገረው ነገር ነው። አንድ ሜትር ከዘጠና ያልኩሽ እንድትወድቂ ነው። አገጭሽን የፈለጠው ሰሌዳው አይደለም፣ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ አልልሽም፣ ደስ ያለሽ ቀን ታደርጊዋለሽ።

ይህን ቀጥሎ ያለውን ለእማዬ አታንብቢላት። በየእሑዱ እገባለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። ባሕር ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ጉልበቴ ተጣሞ ሐኪሞች ሁለት ጊዜ ቀድደውታል፣ አይታጠፍም። ደረጃ ስወጣ እጄን ግድግዳ ላይ አደርጋለሁ። ያ ሰሌዳ ጣሪያ ላይ እስካለ ድረስ ግን አንድ ቀን የምመለስበት ይመስለኝ ነበር። ሁለት ሜትር ከሃያ ብዬ ብጽፍልሽ ያንኑ ቀን ታወርጂዋለሽ፣ ያኔ አበቃ ማለት ነው። ለዚህ ነው።

ሰሌዳውን ሰጥቼሻለሁ። ይህን አንብቢላት፣ ጮክ ብለሽ። ቅናቱ ግን ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም፣ ይኸው እየጻፍኩም ያንገበግበኛል። ኢቶ እንዳትቀድምሽ።

ቱዳ


ኢምስዋን፣ ማርች 21 ቀን 2004

ለእትዬ ቱዳ፤

ከዚህ ቤት ካለነው ሁሉ ሰላም ይድረስሽ፣ አላህ ያሽርሽ።

አልፌያለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ከወደቡ ጫፍ እስከ አሸዋው፣ አንዴም ሳልወድቅ። ሰሌዳው ዱቄቱን ሁለት ጊዜ፣ ሳሙናውን አራት ጊዜ ነው የፈጀው። ኢቶ በሁለተኛው ወደቀች። ጋሽ ቢሂ «ማክሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ፣ እንዳታረፍጂ» አለኝ፣ በቃ። አባቴ የአጋዲሩን መኪና መልሶታል።

አሁን የማልወደውን ልጻፍ። አታንብቢላት ያልሽኝን አነበብኩላት። ተሳስቼ አይደለም፣ ስቶኝም አይደለም። አስቤበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ከ«ባሕር ከገባሁ ሦስት ዓመት» እስከ «ግድግዳ ላይ አደርጋለሁ» ድረስ አነበብኩላት። ቀንቼ ነው። ከእንግዲህ ቱዳ አትመጣም፣ ዘይት የምትቀባው የለም፣ ብላ ወደኔ እንድትዞር ነው። ሰማችኝ። አራት ቀን ሙሉ ምንም አላለችም፣ ሥራዋን ትሠራለች፣ እኔን ታልፈኛለች።

ትናንት ከፈተናው ሮጬ መጣሁ፣ ልብሴ ውሃ እያንጠባጠበ። በር ላይ ሆኜ «አክስቴ፣ አለፍኩ! አለፍኩ እኮ!» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። በአራት ቀን መጀመሪያ ያወጣችው ቃል ይህ ነው፣ እንዳለ እጽፈዋለሁ፤

«ትራመዳለች?»

አላውቅም አልኳት። እዚያው በር ላይ እንደቆምኩ ነው፣ ግቢ እንኳ አላለችኝም። ዛሬ ጠዋትም ያንኑ ጠየቀችኝ። እባክሽ ቶሎ ጻፊላት፤ ምን ያህል ትራመጃለሽ፣ ደረጃውን ማን ያግዝሻል፣ ያምሻል ወይ። ለኔ የሚሆን ነገር አትጻፊበት። አነብላታለሁ።

ኢጃ